ለዓይን ሕክምና ተራ ሲጠበቅ



ከውቤ በረሃ ተነሥቶ አራት ኪሎን ላለፈ ሰው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት በመሆኑ ከሩቅ አገር ሳይቀር ሕመምተኛ ይላክበታል።

ሐኪም ቢጨመር ወረፋው ያልቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ፥ የጸዳ መሣሪያ፥ በሞራው ቦታ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስም ያስፈልጋሉ። አንዱ ከጎደለ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ቢዘገይም አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብርሃን ይመለሳል፤ እስከዚያው ግን በትር ይዞ የሚመራው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ግላኮማ ግን የወሰደውን አይመልስም። በትራኮማ ሳቢያ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍትም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰልፍ ማቆም ተገቢ አይመስለንም።

የሽፋሽፍቱን ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል፤ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያሻም። ስለዚህ በፕሮጀክት ጣቢያ ያላችሁ ሠራተኞች ሕመምተኛ ከመላካችሁ በፊት ሕመሙን በጤና ጣቢያው አስለዩ፤ ግላኮማ የተጠረጠረበትን አስቀድሙ።

መምጣት ግድ የሆነበት ሰው ከነአስታማሚው የአልጋና የምግብ ወጪ አለበት። (በበጀት ጥያቄዎቻችን ዘወትር የሚረሳው ይህ ነው።) በአራዳ አካባቢ ያላችሁ ምእመናን፥ ቀጠሮ የሚጠብቁ ሁለት እንግዶችን ለጥቂት ሌሊት ማሳደር የምትችሉ ለየአጥቢያችሁ ዲያቆናት ስማችሁን አስመዝግቡ።