ባልዲና ጠብታ፦ የቤት ውስጥ ዓሣ ውሃ እንዴት ይመረመራል?

አዲስ አኳሪየም ውስጥ የገባ ዓሣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይሞትም። የሚሞተው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ውሃው ጥርት ብሎ፣ ቤቱ ሁሉ ማየት በለመደበት ጊዜ ነው። ባለቤቱ «የታመመ ዓሣ ሸጠልኝ» ብሎ ሻጩን ያማል። አንዳንዴ እውነቱን ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ገዳዩ ቀለም የሌለውና ውሃውን የማያደፈርሰው አሞንያ ነው።

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን የሚያስወጣው በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል፣ በአሞንያ መልክ ነው። ሐይቅ ውስጥ ከሆነ ውሃው ሰፊ ስለሆነ መርዙ ይበተናል። በስድሳ ሊትር መስታወት ውስጥ ግን ዓሣው ያስወጣውን መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ሳይበላ የቀረው ምግብና የበሰበሰው ቅጠልም ይጨመርበታል።

ይህን ቆሻሻ የሚያነሡት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞንያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም ክፉ ነው፤ ሄሞግሎቢንን ስለሚያበላሽ የዓሣው ደም ቡናማ ይሆናል፣ ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥም ይታፈናል። ናይትሬት ከሁለቱ ይሻላል፤ ከ40 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከተያዘ አብዛኛው ዓሣ ይችለዋል። የሁለተኛውን ደረጃ ሥራ የሚሠራው ናይትሮባክተር ነው ሲባል ብዙ ዘመን ቆይቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ግን በአኳሪየም ውስጥ ዋናው ሠራተኛ ናይትሮስፒራ የሚባል ሌላ ዘር መሆኑ ታወቀ። በ2015 ደግሞ ከዚሁ ዘር ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚጨርስ ተገኘ፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነበር።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው፤ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ጥቂቱ ነው። ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ከጎረቤት እርሾ ተቀብሎ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው፣ ጤነኛ አኳሪየም ካለው ወዳጅ የሠራ ስፖንጅ ቆርጦ የወሰደ ጊዜውን በብዙ ያሳጥራል። ይህን የማያውቅ ሰው ስፖንጁን ለንጽሕና ብሎ በቧንቧ ውሃ ያጥበዋል። ክሎሪን ቧንቧው ውስጥ የገባው ባክቴሪያ እንዲገድል ስለሆነ ሥራውን እዚህም ይሠራል። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው።

ወደ ምርመራው እንምጣ። ውሃ ውስጥ ነክረው የሚያወጡት የወረቀት መመርመሪያ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግምቱ ሻካራ ነው፣ ብዙው ደግሞ አሞንያን ጨርሶ አይለካም። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ በጠብታ መመርመሪያው (ኪት) ላይ ይውጣ። አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ በቱቦ ይቀዳል፣ የተነገረው ያህል ጠብታ ይጨመራል፣ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ቀለሙ ከካርዱ ጋር ይተያያል። ቀለም የሚነበበው በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ነው፤ ቢጫ አምፖል ሥር አረንጓዴና ቢጫን መለየት አስቸጋሪ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከዚህ ኪት ውስጥ ሁለቱ ምርመራዎች የቢራ ቤት ልጆች ናቸው። ናይትራይትን በቀለም የሚያጋልጠውን ዘዴ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ፒተር ግሪስ፣ በእንግሊዝ አገር ቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። የአሲድነት መለኪያ የሆነውን ፒኤችን በ1909 ያወጣው ሶረንሰንም በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር።

ናይትሬት ራሱን በቀጥታ አያሳይም። መጀመሪያ ወደ ናይትራይት መመለስ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው በብዙዎቹ ኪቶች ከጠርሙሶቹ በአንደኛው ውስጥ ያለ ደቃቅ የብረታ ብረት ዱቄት ነው። ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል። ጠርሙሱን ግማሽ ደቂቃ ያህል በኃይል ያልናጠ ሰው ዝቅተኛ ቁጥር ያነብና ደስ ይለዋል። ብዙ ተክል በሌለበት የቆየ አኳሪየም ውስጥ «ናይትሬት ዜሮ» የሚል ውጤት ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠርሙሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቁጥሮቹን ለየብቻ ሲያነብ ነው። የአሞንያ ምርመራ በአንድ ላይ የሚቆጥረው ሁለት ነገር ነው፤ መርዛማውን አሞንያና ብዙም የማይጎዳውን አሞንየም። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤችና ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ፣ መርዛማው ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ አምስት በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ 9 ላይ ከሲሶ ይበልጣል። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ያለው ያው አረንጓዴ በአንዱ ቤት «ነገ ውሃ ቀይር» ማለት ሲሆን በሌላው «አሁኑኑ» ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱን የሚያበርደው ኬኤች የሚባለው የካርቦኔት ክምችት ነው። የተነነውን ብቻ እየሞላ ወራት የሚያሳልፍ ሰው (የሚተነው ውሃው እንጂ ጨዉና ናይትሬቱ አይደለም) ይህ ክምችት ያልቅበታል። ፒኤች ከ6 በታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ አሞንየም ይጠራቀማል። ዓሦቹ ግን ደኅና ይመስላሉ። አንድ እሑድ ባለቤቱ ይቆጨውና አብዛኛውን ውሃ ደፍቶ በቧንቧ ውሃ ይተካል፤ ፒኤች ወደ 8 ሲመለስ የተጠራቀመው አሞንየም ወደ አሞንያ ይለወጣል። «ባጸዳሁላቸው ማግስት አለቁ» የሚለው ሰው አልዋሸም። መድኃኒቱ በየሳምንቱ ከሩብ ያልበለጠ ውሃ፣ ሙቀቱ ተመጣጥኖ፣ ከጠጠሩ ሥር በጎማ እየተሳበ መቀየር ነው።

የምትጨምሩት ውሃም ራሱ ይመርመር። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦችም፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ትጠጣለች፤ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ እንደ ደንቡ ማዕድን ይበዛዋል። ስለዚህ የአንዱ ሰፈር ኬኤች ለሌላው አይሠራም። ተራ ክሎሪን ከሆነ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ይወጣል። ይህን ልማድ ይዞ ዋሽንግተን ዲሲ የገባ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እዚያ ዓመቱን በአብዛኛው የሚጨመረው ክሎራሚን ነው፣ ባልዲ ውስጥ ማሳደር አያስወጣውም። በሶዲየም ታዮሰልፌት የሚሠራው ማከሚያ ይሰብረዋል፤ ሲሰበር የሚለቀቀውን አሞንያ ማጣሪያው መቀበል አለበት።

የአዲስ አበባ ዓሣ አርቢ ሌላም ሒሳብ አለበት። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ስምንት ሚሊ ግራም በሊትር የሚይዘው ስድስት ገደማ ይሆናል። በባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈ መጽሐፍ «አሥር ዓሣ» ካለ፣ እኔ ሰባት እላለሁ፤ የአየር ፓምፕም ቅንጦት አይደለም።

መብራት ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ያጣሉ፤ በተለይ ክዳኑ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት። መብራቱ ሲመለስ ማጣሪያውን ዝም ብሎ ማስነሣት በውስጡ የከረመውን ክፉ ውሃ ዓሦቹ ላይ መልቀቅ ነው። ይከፈት፣ ውሃው ይደፋ፣ ስፖንጁ ባልዲ ውስጥ ይለቅለቅ፣ ከዚያ ይነሣ። ለሁለት ቀን ምግብ ይቀነስ፤ በማግስቱም አሞንያ፣ ናይትራይትና ፒኤች አንድ ላይ ይለኩ።