በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የተላኩ ባለተራራ ፖስት ካርዶች

የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ፥ ወታደሮቹ ወደ ቤተ ሰቦቻቸው ብዙ ፖስት ካርድ ይልኩ ነበር። ከነዚህም የትግራይ ተራሮች ሥዕል ያለባቸው ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ ካርዱን የሚመርጠው ለሥዕሉ ማማር ነው፤ ለታሪክ የሚጠቅመው ግን ሥዕሉና የእጅ ጽሕፈቱ አብረው ሲነበቡ ነው።

በሥዕል ከወጡት ተራሮች አንዱ አምባ አላጌ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሜጀር ቶዜሊ ጦር የተደመሰሰው በዚያ ስለ ሆነ፥ ተራራው በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሲያዝ ፋሺስቶች እንደ በቀል ምልክት ቈጠሩት። በዚያው ወር ታላቅ ውጊያ የተደረገበት የአምባ አራዶም ስም ደግሞ ወደ ኢጣሊያ ቋንቋ ገብቷል፤ «አምባራዳን» የሚለው ቃል ግርግርና ዝብርቅርቅ ማለት ሲሆን፥ ከዚሁ ስም የወጣ ነው ይባላል። ለአገሩ ሰው አምባ ቤተ ክርስቲያን የሚተከልበት፥ በክፉ ቀንም የሚሸሸጉበት ስፍራ ነው፤ በካርዱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሰው የሌለበት ድንጋይ ሆኖ ይታያል።

በካርዱ ጀርባ በላኪው አድራሻ ላይ በቦታ ስም ፈንታ የወታደር ፖስታ ቍጥር ይገኛል። ዓመቱ በሮማውያን ቍጥር 14 ተብሎ ቢጻፍ፥ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የተቈጠረ ስለ ሆነ፥ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በሳንሱር መመርመሩን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበትም አለ።

መልእክቱ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ይኸውም ሰላምታ፥ የጤንነት ወሬና ደብዳቤ ላኩልኝ የሚል ልመና ነው። መርማሪ እንደሚያነበው የሚያውቅ ሰው ሁሉን አይጽፍም። የኢጣሊያ ጦር በዚያ ዘመቻ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን የአገሩ መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በካርዱ ላይ ያልተጻፈው ነገር አልተደረገም ማለት አይደለም።

ቴምብሩን ቈርጦ ማውጣት፥ በእርሳስ የተጻፈውንም እንደ እድፍ ቈጥሮ መፋቅ ማስረጃውን ያጠፋል። ሁለቱም ገጽ ሳይነካ ሊጠበቅ፥ የተራራውም ስም በአገሬው አጠራር ሊመዘገብ ይገባል። በግንቦት 1933 ዓ.ም. የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው በዚያው በአምባ አላጌ ነበር፤ ካርዱ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ስለሚይዝ፥ ታሪኩ የሚሟላው በተራራው ሥር የኖሩት ሰዎች ቃል አጠገቡ ሲቀመጥ ነው።