ያውቁ ኖሯል? ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት…

ሮኬት ሲወነጨፍ ወደ ኋላ የመቁጠርን ልማድ ለዓለም ያስተዋወቀው ሲኒማ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ሴቲቱ በጨረቃ ላይ» የተባለው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም በርሊን ላይ የታየው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1929 ነው። ላንግ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ከአንድ ጀምሮ ወደ ላይ ቢቆጠር ተመልካቹ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም፤ ቁልቁል ሲቆጠር ግን መጨረሻውን እያየ ልቡ ይንጠለጠላል ብሏል።

ያ ቆጠራ ግን አልተሰማም። ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለነበር ቁጥሮቹ በጽሑፍ ነው የታዩት። እሪ በከንቱ ማለት ይህ አይደል? ከራስ መኰንን ድልድይ አጠገብ ያለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ሽፍታ የያዘው መንገደኛ ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል።

ጠፈርም ራሱ እሪ በከንቱ ነው፤ ድምፅ የሚሸከም አየር የለውም። የፊልም መንኮራኩሮች ግን እዚያ ባዶ ውስጥ ሲፈነዱ የፒያሳን መስኮት ያርገፈግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ስታንሊ ኩብሪክ «2001» በተሰኘው ፊልሙ ዝምታውን ደፍሮ አሳይቷል። እኔ ከፍንዳታው ይልቅ ያ ዝምታ ያስፈራኛል።

በላንግ ፊልም ከአንድ በኋላ የሚመጣው «ዜሮ» ሳይሆን «አሁን!» የሚለው ቃል ነው። ለእኛ ይመቸን ነበር፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውምና ፫፣ ፪፣ ፩ ካልን በኋላ የምንጽፈው ምልክት የለንም። እንዲያውም የሰፈር ልጆች ቁጥር የሌለው ቆጠራ ነበራቸው። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ፈላጊው «ኩኩሉ» ይላል፣ ተደባቂዎቹ «አልነጋም» ይላሉ፤ ደግሞ «ኩኩሉ»፣ ደግሞ «አልነጋም»። ከዚያ «ነጋ!» ሲባል ፍለጋው ይጀመራል። ላንግ ይህን ቢያይ ይቀና ነበር።

የፊልሙ አማካሪ የሮኬት ሊቁ ኸርማን ኦበርት ነበር። ለምርቃቱ እውነተኛ ሮኬት ሊያስወነጭፍ አስቦ አልደረሰለትም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1942 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተወነጨፈው የጀርመን ቪ-2 ሮኬት ግን የዚያው ፊልም ሥዕል ተስሎበት ነበር።

ሩሲያውያን በባሕላቸው አይቆጥሩም። ትእዛዙ በቅደም ተከተል ይሰጣል፣ ሞተሩ ይለኮሳል፣ በቃ። ጠፈርተኛው ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 የተነሣው «ሄድን!» ብሎ ነው።

ፊልም ላይ እሳቱ የሚፈነዳው ልክ ዜሮ ሲባል ነው። የአፖሎ 11 ሞተሮች ግን መለኮስ የጀመሩት ዘጠኝ ሰከንድ ያህል ሲቀር ነበር። ተመላላሹ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ደግሞ ሰዓቱ ከ43 ሰዓት ቢጀምርም መነሻው ላይ እስኪደርስ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ በመሐል ሰዓቱን ሆን ብለው ያቆሙት ነበር።

ድሮ ሲኒማ ኢትዮጵያም ሆነ ሲኒማ ኢምፓየር ይታይ የነበረው ዓይነት የጥቅል ፊልም በራሱ መግቢያ ላይ የቁልቁል ቆጠራ አለው። በቀድሞው የአሜሪካ መግቢያ 6 እና 9 የሚጻፉት በፊደል ነበር፤ ጥቅሉ ተገልብጦ ሲገባ እንዳያምታቱ። በኋላ በመጣው ደግሞ ቆጠራው 2 ላይ ያልቃል፣ 1 አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም «ጎልድፊንገር» የቦንቡ ሰዓት 007 ላይ ቆመ። ቦንድ ግን ሦስት ምት ብቻ ነበር የቀረው ይላል፤ በስክሪፕቱ የነበረው 003 ሲቀየር ንግግሩን ማንም አላረመም።

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተወነጨፈች። ከፒያሳ ሽቅብ፣ እንጦጦ ባለው ማዕከል ሰዎች ተሰብስበው ቆጠራውን በቀጥታ ስርጭት ተከታተሉ። ቻይና ላይ ረፋድ ነበር፤ እንጦጦ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም።