ተማሪው ሲሳሳት ማን ያያል?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተረከበ በተባለ ቁጥር ዜናው የሚቋጨው በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው፤ መማር ማስተማሩ ከእንግዲህ «ተማሪ ተኮር» ይሆናል ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መምህሩን ከነጭራሹ ሊተካው ነው የሚል ወሬ ተጨምሮበታል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የስሕተታቸው ምንጭም አንድ ነው፤ ዕቃውን ከአሠራሩ ጋር ያምታታሉ። ስላይድ በቴሌግራም መልቀቅ፣ የሌክቸር ቪዲዮ መጫን፣ አሳይመንት በኢሜይል መቀበል ሥራ ያቀልላል። ትምህርቱ ግን እንደ ድሮው ከመምህር ወደ ተማሪ ብቻ ይፈሳል፤ ቦዩ ታደሰ እንጂ ውኃው አቅጣጫ አልለወጠም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው የሳተላይት ትምህርት ይህን በግልጽ አሳይቶናል። ፕላዝማው ጥሩ ሥዕልና ጥሩ ሙከራ ነበረው፤ ያልነበረው ጆሮ ነው። «መልሱን ጻፉ» ብሎ ጥቂት ይጠብቅና የጻፈውንም ያልጻፈውንም ጥሎ ያልፍ ነበር። (ቃሉም ራሱ ያሳስታል። «ተማሪ ተኮር» ሲባል መምህሩ ዳር ይቁም የተባለ የሚመስላቸው አሉ፤ «ተማሪ መር» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ማለት የተፈለገው የመምህሩን ቀጣይ እርምጃ የሚወስነው ተማሪው የደረሰበት ቦታ ይሁን ነው።)

ስለ መማር ንድፈ ሐሳቦች እዚህ አልዘረዝርም፤ በማንኛውም የፔዳጎጂ መጽሐፍ ይገኛሉ። ማየት የሚያስፈልገው አንድ አሠራር ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆነው ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ተማሪዎቹን ስሌት በማይጠይቅ የመካኒክስ ፈተና ፈተናቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱን ወደ እኛ መንገድ ብናመጣው እንዲህ ይሆናል፦ ሲኖትራክና ባጃጅ ሲጋጩ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣ፣ ረጅም ስሌት የሚሠራ ተማሪ እንኳ «ሲኖትራኩ ነዋ!» ይላል። ኃይሉ ግን እኩል ነው። ባጃጁ የሚጨፈለቀው ክብደቱ ትንሽ በመሆኑ ያው ኃይል ፍጥነቱን በቅጽበት ስለሚለውጠውና አካሉም ስስ ስለሆነ ነው። ማዙር ተማሪዎቹ ቀመሩን እንደያዙ፣ ሐሳቡ ግን እንዳልገባቸው ተረዳ፤ ከ1991 ጀምሮም የማስተማር ዘዴውን ለወጠ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አዲሱ አሠራር ይህን ይመስላል። መምህሩ ለጥቂት ደቂቃ ያስረዳና ምርጫ ያለው ጥያቄ ያቀርባል። እያንዳንዱ ተማሪ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ያስባል፣ መልሱን በመሣሪያ ወይም በስልኩ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይቆጥራል። በትክክል የመለሰው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ትምህርቱ አልገባም ማለት ነውና መምህሩ በሌላ መንገድ ያስረዳል። ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርቶ ይቀጥላል። በመካከል ሲወድቅ ግን ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ ተማሪው የተለየ መልስ የሰጠ ጎረቤቱን ፈልጎ ይከራከራል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይመልሳል። ከክርክሩ በፊት መልስ መላክ ግዴታ የሆነበት ምክንያት አለ። መልሱን ያላስያዘ ሰው ትክክለኛውን ሲሰማ «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» ብሎ ራሱን ያታልላል፤ ያስያዘ ግን ስሕተቱን ፊት ለፊት ያየዋል። ጎረቤቱም ነገሩ የገባው ገና አሁን ስለሆነ የት ላይ ተደናቅፎ እንደነበር አልረሳም፤ ያንን መንገድ ከ20 ዓመት በፊት ያለፈው መምህር ግን እንቅፋቱን ረስቶታል። መምህሩም በበኩሉ አዳራሹ ምን እንደሚያስብ በደቂቃ ውስጥ ያውቃል። በክፍላችን «ገብቷችኋል?» ሲባል በኅብረት «አዎ» ይባላል፤ እጅ አውጡ ቢባልም ሁሉም የቀለሜውን እጅ ያያል። ሸማኔ የተበጠሰውን ክር ጨርቁ ገና መሸመኛው ላይ ሳለ ካገኘው ይቀጥለዋል፤ ተቆርጦ ከተሰፋ በኋላ ያየው እንደሆነ ግን ከመቆጨት በቀር የሚያደርገው የለም። የሴሚስተር ማብቂያ ፈተና የተሰፋው ልብስ ነው።

ተማሪዎቹ የጎበዙን መልስ ቀድተው ይሆናል የሚል ጥርጣሬ መነሣቱ አይቀርም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጄኔቲክስ ክፍል ውስጥ ተሠርቶ በ2009 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ከውይይቱ በኋላ ተማሪዎቹ ያንኑ ሐሳብ የሚፈትን ሌላ ጥያቄ ለየብቻ እንዲመልሱ ተደረገ፤ ብዙዎቹ ተሻሻሉ፤ መጀመሪያ ማንም ትክክለኛውን መልስ ያላወቀበት ቡድን ውስጥ የነበሩት ሳይቀሩ። በሰፊው ሲታይም ተመራማሪው ሪቻርድ ሄክ በ1998 ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ፣ በሌክቸር ብቻ የተማሩት ቀድሞ ከማያውቁት ውስጥ በአማካይ 23 በመቶውን፣ በተሳትፎ የተማሩት ደግሞ 48 በመቶውን እንደጨበጡ አሳየ። 225 ጥናቶችን ያጠቃለለው የ2014 ትንተና ደግሞ በሌክቸር ክፍል ከ100 ተማሪ 34 ያህሉ፣ በተሳትፎ ክፍል 22 ያህሉ እንደወደቁ አስልቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሄክ የሰበሰበው መምህራን በፈቃዳቸው የላኩትን ውጤት ነው፤ ውጤቱ ያላማረለት መምህር ላይልክ ይችላል። የ2014ቱ ትንተና በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ ብቻ ያተኮረ ስለሆነ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ሕግ ክፍል በቀጥታ አይናገርም። «ተሳትፎ» የሚለው ቃልም ብዙ የማይመሳሰሉ አሠራሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ለቴክኖሎጂ አፍቃሪዎች ደግሞ የሚከብደው ሌላ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ መመለሻና የወረቀት ካርድ በአንድ የካናዳ ኮሌጅ ሲነጻጸሩ በተማሪዎቹ እውቀት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ያስተማረው ዘዴው ነው። ኮምፒውተሩ የሚጨምረው 200 ሰው ባለበት አዳራሽ ፈጣን ቆጠራ፣ ለዓይን አፋሩ ሽፋን፣ ለመምህሩም ሴሚስተሩን ሙሉ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ግን ከዘዴው ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ጀማሪ ተማሪ በራሱ ፈልጎ ያግኝ ሲባል እንደሚባክን ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 ተከራክረዋል፤ ልክ ናቸው። ክርክራቸው የሚነካው ግን ተማሪውን ያለ መሪ የሚለቀውን ነው፤ እዚህ የተገለጸው አሠራር መምህሩን ይበልጥ ያሠራዋል። ተማሪዎቹ አይወዱትም የሚለውም እውነትነት አለው። በሃርቫርድ ተሠርቶ በ2019 የወጣ ጥናት፣ በተሳትፎ የተማሩት የበለጠ ቢያውቁም ያነሰ የተማሩ እንደመሰላቸው አሳይቷል። ጥሩ ሌክቸር ሲሰሙ ነገሩ ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ስለዚህ የተማሪ አስተያየት ቅጽ ብቻውን መምህርን መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ኔትወርክና መብራት የለም ለሚለው፣ ሙድል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በግቢ ሰርቨርና ዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም ባለቀለም ካርድ አለ።

መምህሩን ይተካዋል ወደተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንመጣ፣ በቱርክ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ መልስ የሚሰጠው ፕሮግራም የልምምድ ውጤታቸውን 48 በመቶ እንዳሻሻለ፣ ፕሮግራሙን ሲነጠቁ ግን ከነጭራሹ ካልተጠቀሙት 17 በመቶ ዝቅ እንዳሉ አሳይቷል። መልሱን ይዞ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በመምህራን እገዛ የተዘጋጀው ፕሮግራም ይህን ጉዳት በእጅጉ ቀንሶታል። እዚህም ወሳኙ ዕቃው ሳይሆን አሠራሩ ነው።

ስለዚህ የርክክብ ዜና የምትሠሩ ጋዜጠኞች፣ ኮምፒውተሮቹን ከቆጠራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ተማሪው ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢሳሳት መምህሩ የሚያውቀው መቼ ነው? መልሱንም በዜናው ውስጥ አስገቡት።