በአንድ ስም የተሸፈኑ እንቁራሪቶች

ከዓባይ ሸለቆ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ባሕር ተሻግሮም እስከ ማዳጋስካር በየኩሬውና በየረግረጉ የምትኖር አንዲት የእንቁራሪት ዝርያ እንዳለች ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቷል። ሹል አፍንጫና ረጃጅም የኋላ እግሮች አሏት፤ ጀርባዋ ላይ ሸንተረሮች ይወርዳሉ፤ ዝላይዋም ብርቱ ነው። ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1841 ለሳይንስ ሲያስተዋውቋት በማስካሬን ደሴቶች ስም ሰየሟት፤ ፕቲካዴና ማስካሬኒየንሲስ ትባላለች። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ «እምብዛም የማያሰጋ» ከሚለው ክፍል አስቀምጧታል። ሰው በለወጠው መሬት፣ በሩዝ ማሳም ጭምር ትኖራለችና ፍርዱ ለእርሷ ትክክል ነው። ስጋቱ የዘመዶቿን ሁሉ ደኅንነት በእርሷ መለካት ሲጀመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የዘረመል ጥናት በዚህ ስም የሚጠሩት እንቁራሪቶች አንድ እንዳልሆኑ አሳየ። የማዳጋስካሯ ከዋናው አህጉር ዘመዶቿ እጅግ የራቀች ስትሆን፣ ጨው የማይስማማቸው አያቶቿ ባሕሩን አቋርጠው ሳይደርሱ አልቀሩም። የስሟ መነሻ ወደሆኑት ደሴቶች ግን ከማዳጋስካር የወሰዷት ሰዎች ይመስላሉ። ዛሬ የዓባይ ሸለቆዋ ፕቲካዴና ኒሎቲካ ተብላ ለብቻዋ ቆማለች። በእኛም ደጋ የሆነው ከዚህ ይቀራረባል። በጥቂት ስሞች ይጠሩ የነበሩት የኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች፣ በሙዚየም ለመቶ ዓመት ያህል ከተቀመጡ ናሙናዎች ዘረመል ጭምር ተነብቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ስማቸው ተጣርቷል፤ አዳዲስ ዝርያዎችም ተገልጸዋል። ከእነዚህ አንዷ በባሌዋ ሮቤ ስም ተሰይማለች።

ይህ ለጥበቃ ለምን ያስፈልጋል? ቀይ መዝገቡ ከሚጠቀምባቸው መለኪያዎች አንዱ የስርጭት ስፋት ነው። አንድ ዝርያ የሚገኝበት አካባቢ በጠቅላላው ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነና መኖሪያው እየተቆራረጠና እየተመናመነ ከሄደ፣ ለአደጋ የተጋለጠ ሊባል ይችላል። ካርታዋ ግማሽ አህጉር የሚሸፍን እንቁራሪት አንድ ረግረግ ቢደርቅባት ምንም አይታይባትም። ያው ካርታ ለብዙ ዝርያዎች ሲከፋፈል ግን፣ የደረቀው ረግረግ ከአንዷ ዝርያ ጥቂት መኖሪያዎች መካከል ሊሆን ይችላል።

ዝርያ መከፋፈል የሊቃውንት ፈሊጥ ነው፤ ስም ሲበዛ አደጋውም የበዛ ያስመስላል የሚሉ አሉ። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው፤ ጠባብ ስርጭት ብቻውን ዝርያን ለአደጋ የተጋለጠ አያሰኝም፤ የመዝገቡ ሕግም ይህን አይፈቅድም። ክፍፍሉ ግን በዘረመል ልዩነት ብቻ የቆመ አይደለም። ወንዶቹ እንስት ለመጥራት የሚያሰሙት ድምፅ ይለያያል፤ እንስቷም የምትከተለው የራሷን ዝርያ ጥሪ ነው። ሌላው ተቃውሞ ገንዘብን ይመለከታል፤ የአዞና የዝሆን ጥበቃ እንኳ በቂ በጀት በማያገኝበት አህጉር ለእያንዳንዷ እንቁራሪት የተለየ ዕቅድ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከአምፊቢያን ዝርያዎች 41 በመቶ ያህሉ ለመጥፋት አደጋ መጋለጣቸውን ስላሳየ፣ ቅደም ተከተል ማስያዝ ግድ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን የትኛዋ የት እንዳለች ሳይታወቅ አይወጣም፤ ይህን ማወቅም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥሪያቸው በተለየላቸው ዝርያዎች ዘንድ፣ በክረምት ምሽት ረግረግ ዳር የሚቀመጥ የድምፅ መቅጃ ለመጀመሪያው ካርታ ይበቃል። ረግረጉ ለእርሻ ወይም ለባሕር ዛፍ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ቢደረግ፣ ውሳኔው የሚነካው የትኛዋን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል።