የጉበት አሲያሎግላይኮፕሮቲን ተቀባይ

የጉበት አሲያሎግላይኮፕሮቲን ተቀባይ (በአግኚዎቹ ስም የአሽዌል-ሞረል ተቀባይ) በጡት አጥቢ እንስሳት የጉበት ሕዋሳት ሽፋን ላይ የሚገኝ፣ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ስኳርን ለይተው የሚይዙ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ሌክቲን ይባላሉ።

አገኛኘቱ

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ጊልበርት አሽዌል እና አናቶል ሞረል ሴሩሎፕላዝሚን የተባለውን መዳብ ያዘለ የደም ፕሮቲን ያጠኑ ነበር። በፕሮቲኑ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች አሉ፤ ጫፋቸው ሲያሊክ አሲድ ሲሆን ቀጥሎ ጋላክቶስ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ሲያሊክ አሲዱን በኢንዛይም ቆርጠው ፕሮቲኑን በጥንቸል ደም ውስጥ ወጉ። ያልተነካው ፕሮቲን በደም ውስጥ ለቀናት ሲቆይ የተቆረጠው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጠፍቶ ጉበት ውስጥ ተገኘ። የተጋለጠው ጋላክቶስም ሲነሳ ፕሮቲኑ እንደገና በደም ውስጥ መቆየት ቻለ። ስለዚህ ጉበት የሚለየው ጋላክቶሱን እንደሆነ ታወቀ።

አጣራሩ

የሽፋን ፕሮቲን ከፊሉ በስብ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ በውኃ ብቻ አይሟሟም። ስለዚህ የጥንቸል ጉበት ተፈጭቶ ትራይተን ኤክስ-100 በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ይሟሟል። ፈሳሹም ጋላክቶሳቸው የተጋለጠ ፕሮቲኖች በተጣበቁባቸው ጥቃቅን እንክብሎች በተሞላ ቱቦ ውስጥ ካልሲየም ባለበት ያልፋል። ተቀባዩ እንክብሎቹን ይይዛል፤ ሌላው ታጥቦ ይወጣል። በመጨረሻ ካልሲየሙ ሲነሳ ተቀባዩ ይለቃል። በየደረጃው ምን ያህል እንደተገኘ የሚለካው በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን ምን ያህል እንደተያዘ በማየት ነው። ይህ የማጣራት ሥራ በ1974 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ባሕርያቱ

ተቀባዩ ያለ ካልሲየም አይሠራም። እርሱ ራሱም የስኳር ሰንሰለት አለው፤ ሲያሊክ አሲዱ ከተቆረጠበት የገዛ ራሱን ጋላክቶስ ስለሚይዝ ሌላውን መያዝ ያቆማል። የሰው ተቀባይ ሁለት ዓይነት ንዑስ ክፍሎች አሉት። የዶሮ ጉበት ተቀባይ ግን የሚይዘው ጋላክቶስን ሳይሆን ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚንን ነው።

ጥቅሙ

ተቀባዩ የያዘውን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ስለሚያስገባ መድኃኒትን ወደ ጉበት ለማድረስ ያገለግላል። ለዚህም ተቀባዩ አጥብቆ የሚይዘው ኤን-አሴቲልጋላክቶሳሚን የተባለ ስኳር ከመድኃኒቱ ጋር ይያያዛል። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው የጉበት ፖርፊሪያ መድኃኒት ጊቮሲራን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።