የኢንሱሊን ፓምፕና የግሉኮስ ሴንሰር የሚጠቀም ታካሚ ለኤምአርአይና ለሲቲ ስካን ሲላክ

የኢንሱሊን ፓምፕ ወይም የደም ስኳርን ቀንና ሌሊት የሚከታተል ሴንሰር የሚጠቀሙ ታካሚዎች በአገራችን ጥቂቶች ናቸው። መሣሪያው ከልብስ ሥር ስለሚውል ምርመራውን የሚያዘው ሐኪም ላያየው ይችላል። «የብረት ነገር ይዘዋል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄም በቂ አይደለም፤ ታካሚው ክንዱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስቲክ ከብረት አይቆጥረውምና። በመሆኑም መሣሪያው በስሙ ተጠርቶ ሊጠየቅና በምርመራ ማዘዣው ላይ ሊሰፍር ይገባል።

የኤምአርአይ ማግኔት ምርመራ በማይካሄድበት ሰዓትም ኃይሉ አይጠፋም። ኢንሱሊኑን የሚገፋውን የፓምፕ ሞተር ሊያበላሽ፣ አልፎም ከታዘዘው በላይ ኢንሱሊን እንዲገባ ሊያደርግ ስለሚችል ፓምፑ ከክፍሉ ውጭ መቀመጥ አለበት። ከቆዳ ሥር የሚገባው መርፌ ብረት ከሆነ እርሱም ይነቀላል። በስሕተት ወደ ማግኔቱ የቀረበ ፓምፕ፣ የሚሠራ ቢመስልም እንኳ፣ አምራቹ ሳይጠየቅ ለታካሚው መመለስ የለበትም።

ሲቲ ስካንን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ጨረሩ በቀጥታ ያረፈባቸው ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መሣሪያዎች፣ የኢንሱሊን ፓምፕን ጨምሮ፣ ሥራቸው ሊዛባ እንደሚችል አሳስቧል። ይህ የሚያጋጥመው እምብዛም ነው፤ ሆኖም በርካታ አምራቾች ፓምፑ እንዲወልቅ ይመክራሉ። አልትራሳውንድ ግን መመርመሪያው በመሣሪያው ላይ በቀጥታ እስካላረፈ ድረስ አያሰጋም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ፓምፑ ከወለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ፓምፑ የሚሰጠው ፈጣን፣ ለአጭር ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ስለሆነ በሰውነት ውስጥ የሚቆይ ክምችት የለም። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ ፓምፑ ሲቋረጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኪቶን ሊከማችና ኪቶአሲዶሲስ ሊከተል ይችላል። ለሃያ ደቂቃ ተብሎ የወለቀ ፓምፕ ወረፋ ሲረዝም ወይም መብራት ሲቋረጥ ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊትና በኋላ የደም ስኳር ይለካል፤ መቋረጡ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነም የሚተካው ኢንሱሊን በመርፌ እንዲሰጥ ሐኪሙ አስቀድሞ ያዝዛል።

ተለጣፊ ሴንሰር አንዴ ከተነቀለ ተመልሶ አይገባም፤ ቱቦ አልባው ተለጣፊ ፓምፕም እንደዚሁ። በውድ ዋጋ፣ ብዙውን ጊዜም ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ ዕቃ ነውና አስቸኳይ ያልሆነ ምርመራ ሴንሰሩ በሚቀየርበት ዕለት ቢቀጠር ይመረጣል። አንዳንድ አዳዲስ ሴንሰሮች በተወሰነ ሁኔታ ሳይነቀሉ እንዲቆዩ ተፈቅዷል፤ ከቆዳ ሥር በቀዶ ሕክምና ከሚቀበሩትም ውስጥ የውጭው አስተላላፊ ብቻ የሚወልቅላቸው አሉ። ስለዚህ የሞዴሉ ስም ተጠይቆ የአምራቹ መመሪያ መታየት አለበት። ታካሚው ከምርመራ ክፍሉ ከመሰናበቱ በፊትም ፓምፑ በትክክል መገጠሙና ኢንሱሊን መስጠት መጀመሩ ይረጋገጣል።